ካልጠሩት የማይጮኸው ጡሩምባ

ግንቦት 8 ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለወይዘሪት ለምን፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ፣ ከወገቤና ከእናትሽ ምላስ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ባለሽበት ያጽናሽ፤ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ዓይንሽን ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከምታፈጪበት የኮምፒውተር መስታወት ይጠብቅልሽ።

ይህን ወረቀት እስከ ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ የአውቶቡሱ ሹፌር «ነገ ይደርሳል» ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም። ስልክ ደግሞ እዚህ ገደል ውስጥ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ ቢሠራም ከአንቺ ጋር በስልክ የሚያወራ ሰው መልስ ሳይሰጥ ያረጃል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዓምና ከመሄድሽ በፊት የውሃ መለኪያው ክፍል ውስጥ ያስቀመጥሽልኝ ኮምፒውተር፣ እኔ ሎሌው የምለው፣ ውሃው ነጩን ምልክት ሲያልፍ ታች ጡብ ሰፈር ያለውን ጡሩምባ በራሱ ያስጮኻል ብለሽኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ከላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ በጠራራ ፀሐይ ነጩን ምልክት አለፈ። እኔ የውሃውን በር ልከፍት መዘውሩ ላይ ተንጠልጥያለሁ። ሎሌው ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ መብራቱ ይበራል፣ የሞቀው ይመስላል። ጡሩምባው ግን ትንፍሽ አላለም። እናትሽ ውሃ መምጣቱን ያወቀችው ጡብ ለመምታት የተንበረከከችበት ጉልበቷ ሲበርዳት ነው።

ማንም አልተጎዳም። ፍራሽ ረጠበ፣ ጭቃ ተጠረገ፣ እኔ ተሰደብኩ፣ አለቀ።

የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወደ ክፍሉ ገብቼ፣ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት መስታወቱ ላይ ከፍቼ ፕሮግራሙን በገዛ እጄ ብጠራው፣ ወዲያው አስጮኸው! እናትሽ የጡብ መተኮሻው ምድጃ ላይ ወጥታ ቀዩን ብርድ ልብሷን አወዛወዘችልኝ። ጡሩምባው በጮኸ ቁጥር እንደዚያ እንድታደርግ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ ሽማግሌ ጨዋታ ይወዳል።

እስቲ ንገሪኝ፣ ጌታው ሲያየው የሚጮህ፣ ጌታው ሲተኛ አብሮ የሚተኛ ውሻ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከምሳ በኋላ እንደማሸልብ ይጠፋሻል ብዬ አልዋሽሽም። እስከ ዛሬ የማሸልበው ሎሌው ነቅቷል ብዬ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ግን ዓይኔን ስከድን የእናትሽ ጉልበት ይታየኛል።

ያዘዝኩሽን ካልሲ ተይው። ምክንያቱን ላኪልኝ። ክረምቱ ደጅ ቆሟል።

አያትሽ፣ የውሃው በረኛ

•

ግንቦት 24 ቀን

ለምወድዎት ለአያቴ፤

ጤናዎትን እንደ መዘውርዎ ብረት ያጠንክርልኝ፤ ዕድሜዎትን እንደ ወንዙ ያርዝምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳነበው መውረጃዬን አለፍኩ። ሥራ ቦታዬ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ስለሚያቀዘቅዙት ካፖርት ለብሼ ነው የምውለው። ያን ቀን ግን አላበኝ።

ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ቀስ ብዬ ልንገርዎ።

በሎሌው ሆድ ውስጥ ፓይተን የሚባል፣ ፕሮግራም እያነበበ የሚያስፈጽም ነገር ሁለት አለ። አንዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ አሮጌ ቨርዥን ነው። ሌላው እኔ ያስገባሁት አዲስ ነው። የጡሩምባውን ፕሮግራም የጻፍኩት በአዲሱ ነው፤ አሮጌው ሊያነበው ሲሞክር ያልገባው ቃል ያጋጥመውና ትቶት ይተኛል። ኮምፒውተሩ «ፓይተንን ጥራ» ሲባል ደግሞ አዲስና አሮጌ አይለይም። ፓዝ የሚባል የመንገድ ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ፎልደሮች በተራ በተራ እያንኳኳ ይሄድና ቀድሞ «አቤት» ያለውን ይዞ ይመለሳል። እማዬ ግቢ ውስጥ «አንተ ልጅ!» ብላ ስትጣራ ቀድሞ ብቅ ያለው ባልዲውን እንደሚሸከመው ማለት ነው።

እርስዎ ጥቁሩን መስኮት ሲከፍቱ አዲሱ ቀድሞ እንዲመጣ ፓዙን አስተካክዬ ነበር። ያስተካከልኩት ግን የእርስዎን መስኮት ብቻ ነው። እርስዎ በሌሉበት ፕሮግራሙን በየጥቂት ደቂቃው የሚቀሰቅሰው ሌላ ነው፤ ሰዓት ጠሪው እንበለው። እሱ የራሱ አጭር ፓዝ አለው፤ በዚያ ላይ የሚያገኘው አሮጌውን ብቻ ነው። የእርስዎ መስኮት መኖሩንም አያውቅም።

አባባ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ከሄድኩ ጀምሮ ጡሩምባው በራሱ አንድ ጊዜም ጮኾ አያውቅም፤ ሊጮህም አይችልም ነበር። በጋውን ሙሉ ዝም ሲል ወንዙ ደህና ስለሆነ ነው ብለን ነበር። እማዬ፣ ጎረቤቶቿ፣ ሁሉም ይህን ዝምታ ተንተርሰው ተኙ። እኔም እዚህ ሆኜ ለሰው «ለሰፈሬ ጡሩምባ ሠርቼለታለሁ» እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ።

ከዚህ ጋር ባለው ቁራጭ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጽፌያለሁ። የሰዓት ጠሪው ፋይል እንዴት እንደሚከፈት ከጀርባው አለ። መስመሩን ከፋይሉ አናት ላይ ይጻፉት። በውስጡ ሦስት ፎልደሮች አሉ፣ በሁለት ነጥብ ተለያይተዋል። የአዲሱ ፓይተን ፎልደር ከፊት ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ጡሩምባው ሲጮህ እርስዎ ከክፍሉ ሆነው ይሰማዎታል?

ልጅዎ፣ ለምን

•

ሰኔ 9 ቀን

ለወይዘሪት ለምን፣ በካፖርት ውስጥ ለሚያልባት፤

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ያለውን መንገድ ሁሉ ሞልቶ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ተነሥቼ ሠራሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ በጋውን ሙሉ እኛን እያሳሳቀ ሊወስደን ኖሯል ለካ!

ሁለት ነጥብ ስትይ ደስ አለኝ። እኛ ድሮ ቃልን ከቃል የምንለየው በእሱ ነበር። እናንተ ጣላችሁት፣ ኮምፒውተር ከመንገድ ላይ አንሥቶ ተጠቀመበት።

ፋይሉን ከፈትኩ። ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም በአንድ ጣት እየለቀምኩ መስመሩን ጻፍኩ። ስጨርስ መለስ ብዬ አየሁት። አዲሱ ፎልደር ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ሁለቱ አሮጌዎች ተጎልተዋል። እዚህ ላይ ሳቅሁብሽ። ልጄ፣ አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፤ በር ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለት በር አንድ ላይ አይከፈትም። አዲሱን ቦይ የከፈተ አሮጌውን ይዘጋል፤ ካልዘጋ ውሃው የለመደበት ይሄዳል። ይህን ያስተማረኝ የድሮ አለቃዬ ነው፤ ያስተማረኝም በጥፊ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አሮጌዎች አጥፍቼ አዲሱን ብቻውን ተውኩት። ከእንግዲህ ሎሌው ወደ አሮጌው ልሂድ ቢል መንገድ የለውም። አመስግኚኝ።

ሠርቷልም። የውሃው ከፍታ አሁን እኔ ሳልነካው በየጥቂት ደቂቃው መስታወቱ ላይ ይጻፋል። በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ልቤ እንዲረጋ ብዬ ደግሞ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ጡሩምባውን ጠራሁት፤ ቀዩ ብርድ ልብስ ተውለበለበ። እናትሽ ከዚያ በኋላ ሽቅብ መጥታ፣ «አባቴ፣ ይሄን ነገር መጫወቻ አደረግኸው፤ የእውነቱ ሲመጣ ማን ይሰማሃል?» አለችኝ። «አንቺ» አልኳት። ትታኝ ወረደች።

ስለ ጆሮዬ ለጠየቅሽው፤ ጆሮዎቼ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በየቦታቸው አሉ።

ዝናቡ ጀምሯል። የወንዙ መልክ ወደ ጡብ ቀለም እየተለወጠ ነው። እኔ ግን ከምሳ በኋላ ማሸለቤን ቀጥያለሁ። አሁን ካልሲውን መላክ ትችያለሽ።

አያትሽ፣ የውሃው በረኛ፣ ከዛሬ ጀምሮም የኮምፒውተር በረኛ

•

ሰኔ 21 ቀን

አባባ፣

ሰላምታውን ይቅር በለኝ። አሮጌዎቹን በሮች ክፈታቸው። ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ ቁጭ ሳትል ክፈታቸው።

የእኔ ፕሮግራም የሚጠራው፣ ጡሩምባውን የሚነፋው ሌላ ትንሽ ፕሮግራም የሚኖረው አሮጌው ፎልደር ውስጥ ነው። እኔ የሠራሁት አይደለም፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው። አሁን ሎሌው ይነቃል፣ ውሃውን ይለካል፣ አደጋ ነው ብሎ በትልቁ ይጽፋል፣ ከዚያ ነፊውን ፍለጋ ይወጣል። በዝርዝሩ ላይ ያለው በር አንድ ብቻ ነው። ያንኳኳል፤ «እዚህ የለም» ይሉታል፤ ይመለሳል። ጡሩምባው አይጮህም።

በእጅህ ስትጠራው የሚሄደው በአንተ መስኮት ፓዝ ነው። እዚያ ሁሉም በር ክፍት ስለሆነ ይጮኻል። ስለዚህ ሙከራህ ያረጋገጠው ነገር የለም። «እጅህን ሳታስገባ ሞክረው» ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ ረሳሁት።

ፓዝ እንደ ቦይ አይደለም፣ አባባ። አሥር በር ቢከፈት የሚፈስ ነገር የለም። ቁም ነገሩ ማን ይቅደም ነው። አዲሱ ከፊት፣ አሮጌዎቹ ከኋላ፣ ሁሉም ክፍት።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ የገመድ ስልክ ወዳለው የጡብ ፋብሪካ ቢሮ ስደውል ነበር፤ መስመሩ አይገባም። መስመሩን እንደገና በቀይ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እማዬ ከታችኛው ረድፍ ትውጣ። የትም ትደር፣ ብቻ ትውጣ። አንተም ከምሳ በኋላ አትተኛ።

ስለ ጆሮህ ደግሞ አትቀልድብኝ። ትሰማለህ ወይስ አትሰማም?

ለምን

•

ሐምሌ 2 ቀን

አባባ፣

ሬዲዮው እናንተ ጋ ከባድ ዝናብ እንደጣለ አወራ። የወንዙን ስም አልጠራም። ሌላውን ሁሉ ጠራ።

ሥራ ላይ አንድ ማሽን ዝም ባለ ቁጥር ተነሥቼ እሄዳለሁ። አለቃዬ «ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው» ይለኛል።

ረጅም ነገር አትጻፍልኝ። ባዶ ፖስታ ላክልኝ፤ አድራሻው ላይ የእጅ ጽሑፍህን ካየሁ ይበቃኛል።

ለምን

•

ሐምሌ 19 ቀን

ለወይዘሪት ለምን፤

እናትሽ አለች። እኔም አለሁ። ጡብ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ አለ። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታውን ዘልለሽ እዚህ እንደምትደርሺ ስለማውቅ ነው። አሁን ተመለሽና ሰላምታሽን ተቀበይ፤ እንደምን ሰንብተሻል? ፈጣሪ ድንጋጤሽን ይማርልሽ።

ባዶ ፖስታ ያልላክሁልሽ ነገ ይደርሳል ስለጠፋ ነው። ድልድዩ ተቆርጦ አውቶቡሱ ማዶ ቀረ። ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን አንድ ላይ፣ ረጥበው እንደ ቂጣ ተጣብቀው፣ ትናንት ሰጠኝ። እንደ ስሙ ከረመና ከውሃው በኋላ ደረሰ። አንዱ ላይ «አንተ» ብለሽኛል። አልተቀየምኩም። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ነጎድጓድ ሲመጣ «አንተ» ብለሽ ነበር ጉያዬ የምትገቢው፤ ሲያባራ አንቱ ትዪኛለሽ።

የሆነውን ልንገርሽ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ምሳ በልቼ ወንበሬ ላይ አሸልቤ ነበር። የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም። እግሬ ሥር ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ላይ ሎሌው «አደጋ» ብሎ ጽፏል፤ ፊደሉ ከጭንቅላቴ ይተልቃል። በመስኮት ወንዙን አየሁት። ነጩ ምልክት የለም፤ ውሃ ውስጥ ገብቷል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሎሌው ነቅቷል፣ አደጋውን አይቷል፣ ጡሩምባው እየጮኸ ነው፣ ሰዉ እየወጣ ነው አልኩ። ቀዩን ብርድ ልብስ ለማየት ወደ ምድጃው ዞርኩ።

ብርድ ልብስ የለም።

እየፈለገችው ይሆናል አልኩ። ዝናብ ስለሆነ አልታይ ብሎኝ ይሆናል አልኩ። ሰው ሲፈራ ለራሱ የሚነግረው ውሸት አያልቅበትም። ከዚያ እናትሽን አየኋት። ከቤቷ ወጣች። ፕላስቲክ ይዛለች፤ እንዲደርቅ ከተደረደረው ጡብ ላይ ልታለብስ። ስትራመድ አየኋት፣ ልጄ። ዝናብ እንጂ ሌላ ነገር እንደማያሳስበው ሰው ነበር የምትራመደው። ጎንበስ ብላ የፕላስቲኩን ጫፍ በድንጋይ ያዘች። ተነሥታ ወገቧን ያዘች። ያንን ጡሩምባ የሰማ ሰው ወገቡን ይዞ አይቆምም።

ያኔ ገባኝ። አልጮኸም።

ውሃው ከእሷ በላይ ካለው መታጠፊያ ደርሷል። ከእኔ ይታያል፣ ከእሷ አይታይም። ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። በዝናብ ውስጥ ከእኔ ጩኸት የእንቁራሪት ይሻላል። ወደ ሎሌው ሮጥኩ፤ እኔ፣ በዚህ ጉልበት! ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ጣቴ አንድ ፊደል ስፈልግ ሁለት ይመታል። ጻፍኩ፤ አላውቀውም አለኝ። አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ አሁንም አላውቀውም አለኝ። ሰደብኩት፤ ሎሌነቱን፣ ዘሩን፣ ሠሪውንም ጭምር፤ ይቅር በይኝ። ከዚያ እጄን በእጄ ይዤ፣ አንዷን ፊደል ከአንዷ ቀጥዬ ለቀምኩና ቁልፉን መታሁ።

ዞሬ በመስኮት አየሁ። ፕላስቲኩ ከእጇ ወደቀ።

ወደ ውሃው እንኳ አልተመለከተችም። የጎረቤቶቿን በሮች እየደበደበች ሮጠች። ሰው እንደ ጉንዳን ወጣ፤ ልጅ ያዘለ፣ ሽማግሌ የሚጎትት፣ ድስት ይዞ ክዳኑን የረሳ። ሁሉም ወደ ጉብታው። እናትሽ ደግሞ ምን አደረገች መሰለሽ? ሁሉንም ካስወጣች በኋላ ምድጃው ላይ ወጥታ ብርድ ልብሱን አወዛወዘች። ውረጂና ሩጪ እያልኩ እዚህ ፀጉሬን እነጫለሁ፤ እሷ መሐላዋን ትፈጽማለች። ልጄን በጨዋታ ልገድላት ነበር። ስትወርድ ውሃው የምድጃውን ሥር ነካ።

የደረደረችው ጡብ ሁሉ ወደ ጭቃነቱ ተመልሷል። የቤቷ የወንዝ በኩል ግድግዳ ሄዷል። ከእኔ ጋር ነው የምታድረው፤ ምላሷም አብሯት መጥቷል።

አሁን ደጋግመሽ ወደጠየቅሽኝ። አልሰማም። ጡሩምባውን ሰምቼው አላውቅም፤ ሰው ፊቴ ቆሞ ቀስ ብሎ ሲያወራኝ ብቻ ቃሉን ከከንፈሩ እለቅማለሁ። ወንዙንም ካልሰማሁ ቆይቷል። ድሮ ተኝቼ በድምፁ ብቻ ከፍታውን እናገር ነበር፤ ከዚያ አንድ ክረምት ላይ ወንዙ ያኮረፈኝ መሰለኝ። አንቺ ጡሩምባ ልሥራልዎ ስትዪኝ በደስታ የዘለልኩት ለምን ይመስልሻል? ለማንም ያልተናገርኩት በረኛነቴን ይወስዱብኛል ብዬ ነው። ብርድ ልብሱን ያመጣሁትም ለጨዋታ አልነበረም፤ የጆሮዬ ምትክ ነበር። በዚህ ሳምንት ለእናትሽ ነገርኳት። «አውቅ ነበር» አለችኝ። «እና ለምን ዝም አልሽ?» ብላት፣ «ስጮህብህ የማትሰማኝ ሆነህ ነዋ» ብላኝ አለቀሰች። ከእንግዲህ በመዘውሩ ላይ ብቻዬን አልሆንም፤ ለቀጠረኝ የውሃ ቢሮ ራሷ ሄዳ ልትናገር ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ፋይሉን ከፈትኩ። ቀዩ ቀለም ፈስሶ ነበር፤ ግን ይነበባል። አዲሱን ከፊት፣ አሮጌዎቹን ከኋላ፣ በመካከላቸው ሁለት ነጥባችንን አድርጌ፣ ምንም ሳልቀንስ ጻፍኩ። የአለቃዬ ጥፊ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ፤ ይሰማኝ።

ከዚያ እጄን ሳላስገባ ሞከርኩት። እናትሽ ከግድግዳዋ ፍርስራሽ ዕቃ ልትለቅም ወርዳ ነበር፤ ምንም አልነገርኳትም። የነገሩት ሰው ያልጮኸውንም ይሰማል። የውሃውን ከፍታ ለሎሌው የሚነግረውን ተንሳፋፊ በዱላ ከፍ አድርጌ በገመድ አሰርኩና ገብቼ ከሎሌው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ እንዳያታልሉኝ መዳፎቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው። ጠበቅሁ። መስታወቱ ላይ «አደጋ» ተጻፈ። ምድጃውን አየሁ። ምንም የለም። ልጄ፣ እንደዚያ ያለ ፍርሃት ውሃው በመጣ ቀን እንኳ አልያዘኝም። የውሃው ቀን እጅ ነበረኝ፤ አሁን የተቀመጥኩበት ነው።

ቀዩ ብርድ ልብስ ብቅ አለ።

እየተውለበለበ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቆመ። ወንዙ በቦታው እንዳለ አይታ መሆን አለበት። ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣለችና ዳገቱን ሽቅብ ተያያዘችው። በሩን በእግሯ ከፍታ ገባች፤ ከእነ ጭቃዋ ፊቴ ቆመችና እጇን እያወናጨፈች አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ለረጅም ጊዜ ሰደበችኝ። አንዲት ቃል አልሰማሁም። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣመኝ ስድብ የለም።

አያትሽ